የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርትና ጥቅሙ



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አባቶቻችን ተናግረዋል። ይህ አነጋገር እውነት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የሚደበቀው በሽታው ራሱ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው «ራሴን ይወጋኛል፥ ያንቀጠቅጠኛል፥ እህል አስጠላኝ» ብሎ የሚሰማውን ሁሉ ሳይሸሽግ ለሐኪሙ ይናገራል። ሆኖም ወባም፥ ግርሻም፥ የአንጀት ተስቦም፥ ሌላም ብዙ በሽታ እነዚህኑ ምልክቶች ስለሚያሳዩ፥ ሐኪሙ በጆሮው በሰማውና በእጁ በዳሰሰው ብቻ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። እንግዲህ የተደበቀውን ከተደበቀበት የሚያወጣው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሙያው ምን እንደ ሆነ፥ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደሚማሩትና ለሀገራችን የሚሰጠውን ጥቅም በተቻለኝ መጠን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት

ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር ታላቅ ወንድሜ በቆላ ሰሊጥ ሲያጭድ ሰንብቶ ወደ ቤታችን ተመለሰ። በተመለሰ በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይዘነው ብንሄድ፥ በዚያን ቀን በማይክሮስኮፕ የሚሠራው ባለሙያ ስላልነበረ፥ ከጣቱ ጥቂት ደም ተወስዶ በፈጣን መመርመሪያ ብቻ ታየና «ወባ የለበትም» ተባለ። ቀጥሎም ሌላ የደም ምርመራ ተደርጎለት «ታይፎይድ» የሚል ወረቀት ተሰጠን። መድኃኒቱን ገዝተን ተመለስን። ሦስት ቀን ሙሉ ዋጠው፤ ትኩሳቱ ግን አልበረደም፤ ይልቁንም በሦስተኛው ሌሊት ይቃዥ ጀመር። እናቴ ጨርቅ በውሃ እየነከረች ግንባሩ ላይ ስታደርግ ዐደረች። ሲነጋ አባቴ መኪና ተከራይቶ ራቅ ወዳለ ሆስፒታል ወሰድነው።

በዚያ በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ደሙን በስላይድ ላይ ቀብተው፥ አድርቀው፥ ቀለም ነክረው ተመለከቱ። እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበርና ቀና ሲሉ «ጋሼ፥ ምን አገኙ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ወባ ነው። ነይ ልጄ፥ አንቺው ራስሽ እይው» ብለው ከወንበራቸው ተነሡልኝ። በመጀመሪያ ብርሃን ብቻ እንጂ ምንም አልታየኝም። ጥቂት ቆይቼ ግን ፈዘዝ ባሉት ክብ ክብ ሕዋሶች ውስጥ ፈርጥ እንዳለው ቀለበት ያሉ ትናንሽ ነገሮች አየሁ። ወንድም ጋሼን ለሞት ያቀረበው ያ ቀለበት ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱ እንደ ደረሰው መድኃኒቱን ለወጠለት፤ ወንድም ጋሼም በሳምንቱ በእግሩ ሄዶ ወደ ቤቱ ገባ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አንድ ስላይድ በጊዜው ማየትና አለማየት ምን ያህል ልዩነት እንዳለው ከቤታችን ስለ ተማርሁ ነው እንጂ።

ሙያው ምን ማለት ነው?

የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ማለት ከሰው ሰውነት የተወሰደውን ደም፥ ሽንት፥ ሰገራ፥ አክታ ወይም ሌላ ፈሳሽ መርምሮ ስለ በሽታው ማስረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሐኪሙ እንደ ዳኛ ቢቆጠር የላቦራቶሪ ባለሙያው እንደ ምስክር ነው። ምስክር ያላየውን እንዳይናገር፥ ያየውንም እንዳይደብቅ ግዴታ አለበት። ምስክሩ ከተሳሳተ ግን ዳኛው ምንም ዐዋቂ ቢሆን ፍርዱ ይጣመማል።

ሙያው የተመሠረተው በብዙ ሰዎች ድካም ነው። የሆላንዱ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ፋን ሌቨንሁክ በ17ኛው መቶ ዓመት በገዛ እጁ በሠራው አጉሊ መነጽር በዐይን የማይታዩ ሕያዋን ፍጥረቶችን አየ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 የፈረንሳዩ ሐኪም ላቬራን በአልጄሪያ ሲሠራ የወባን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1882 ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን አስታወቀ። በ1901 ደግሞ የኦስትሪያው ካርል ላንድሽታይነር የሰዎች ደም አንድ ዓይነት አለመሆኑን ጽፎ ገለጠ። ከዚያ በፊት ደም መስጠት እንደ ዕጣ መጣል ያለ ነገር ነበር፤ አንዱ ይድናል፥ ሌላው ይሞታል፤ ምክንያቱ ግን አይታወቅም ነበር። ዛሬ የሰጪውና የተቀባዩ ደም ሳይመሳከር እንዳይሰጥ የሚደረገው ከእርሱ በተገኘው ዕውቀት ነው።

አንድ ጠብታ ደም እንዴት ይመረመራል?

ጓደኞቼ ሥራውን በግልጽ እንዲረዱት የወባን ምርመራ ለምሳሌ እወስዳለሁ።

ባለሙያው የበሽተኛውን ጣት በአልኮል ጠርጎ ካደረቀ በኋላ በንጹሕ መርፌ ይወጋና በስላይድ ላይ ሁለት ዓይነት ቅብ ያዘጋጃል። ወፍራሙ ቅብ ብዙ ደም በጠባብ ቦታ ስለሚይዝ፥ ተውሳኩ ጥቂት ቢሆንም እንኳ ለማግኘት ያመቻል። ቀጭኑ ቅብ ደግሞ ሕዋሶቹ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ስለሚታዩበት የተውሳኩን ዓይነት ለመለየት ይረዳል። ሁለቱም ከደረቁ በኋላ ቀጭኑ ብቻ ሜታኖል ይነካዋል፤ ይህም ሕዋሶቹ ቅርጻቸውን እንደ ያዙ እንዲቆዩ ነው። ወፍራሙን ሜታኖል እንዳይነካው ይጠነቀቃሉ፤ ምክንያቱም ውሃ ባለበት ቀለም ሲነከር ቀይ የደም ሕዋሶቹ ፈንድተው እንዲጠፉና ተውሳኮቹና ነጭ የደም ሕዋሶቹ ብቻ ጎልተው እንዲታዩ ይፈለጋል።

ቀለሙ ጂምሳ ይባላል። ከመቶ 10 እጅ ሆኖ ከተዘጋጀ 10 ደቂቃ ያህል፥ ከመቶ 3 እጅ ከሆነ ደግሞ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ቀስ ተብሎ ይታጠብና ይደርቃል። በስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ተደርጎ በ100 እጥፍ ሌንስ ይታያል። የዐይን ሌንሱ 10 እጥፍ ስለሚያጎላ፥ 10 በ100 ሲባዛ 1000 ይሆናል፤ ስለዚህ የምናየው ነገር አንድ ሺህ ጊዜ ጎልቶ ነው።

ተውሳኩ ካልታየ ባለሙያው ወዲያው «የለም» አይልም። ቢያንስ 100 የእይታ ቦታዎችን አንድ በአንድ ማየት አለበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ በዚህ ሥራ የሚቸኩል ሰው ያፈሰሰውን መልሶ ለመልቀም እንኳ ዕድል አያገኝም፤ የሚፈሰው የሰው ሕይወት ነውና።

ተውሳኩ ከተገኘም ዓይነቱና ብዛቱ ይጻፋል። በሀገራችን በብዛት የሚገኙት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት ናቸው። ፋልሲፓረም ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ እንደገና ይነሣል፤ ስለዚህ የተኛውን የሚያጠፋ ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ብዛቱን ለማወቅ በሒሳብ ክፍል የተማርነው ንጽጽር ይበቃል። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 8000 ነጭ ሕዋስ አለ ተብሎ ይገመታል። ባለሙያው 200 ነጭ ሕዋስ እስኪቆጥር ድረስ 50 ተውሳክ ቢያገኝ፥ 50 በ8000 ተባዝቶ ለ200 ሲካፈል 2000 ይሆናል። ይህም በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 2000 ተውሳክ አለ ማለት ነው። ሐኪሙ ይህን ቁጥር ከነገው ቁጥር ጋር አስተያይቶ መድኃኒቱ መሥራቱንና አለመሥራቱን ይረዳል።

አንዳንድ ሰው «ፈጣኑ መመርመሪያ በ20 ደቂቃ ውስጥ ውጤት ሲሰጥ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ፈጣኑ መመርመሪያ ማይክሮስኮፕና ኤሌክትሪክ በሌለበት የገጠር ጤና ኬላ እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ የፋልሲፓረም መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ተውሳኩ የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን ነው። በኤርትራና በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልገው ጂን የጠፋባቸው ተውሳኮች መኖራቸውን አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ተውሳክ በደም ውስጥ ሞልቶ ሳለ መመርመሪያው «የለም» ሊል ይችላል። ተውሳኩ ጥቂት ሲሆን ወይም መመርመሪያው በሙቀት ሲበላሽም እንደዚሁ ይሆናል። በማይክሮስኮፕ የምታይ የሠለጠነች ዐይን ግን ጂኑ ኖረም አልኖረም ተውሳኩን ታየዋለች።

ወንድሜን «ታይፎይድ» ያሰኘው ምርመራም ትምህርት ይሰጣል። ዊዳል የተባለው ይህ ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከል የሚያዘጋጀውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ግን ቀድሞ ከታመመ ሰው ደም ቶሎ አይጠፋም፤ በሌላ በሽታ ምክንያትም ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ በተደረገ ዊዳል «ታይፎይድ ነው» ብሎ መቁረጥ ያሳስታል። አስተማማኙ መንገድ ደሙን በምግብ ውስጥ አኑሮ ባክቴሪያውን ማብቀል፥ ማለት ካልቸር ማድረግ ነው። ይህ ግን ቀናት ይፈጃል፤ መሣሪያና የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል።

ስሕተት ከየት ይመጣል?

ብዙዎቻችን ስሕተት የሚመጣው ከመሣሪያው ይመስለናል። ነገር ግን ናሙናው መሣሪያው ዘንድ ሳይደርስ ሊበላሽ ይችላል። ሁለት ምሳሌ እሰጣለሁ።

የስኳር በሽታ ምርመራ ለማድረግ የተቀዳ ደም ሳይለይ ተራ ተቀምጦ ከቆየ፥ በውስጡ ያሉት ሕዋሶች ሕያዋን ስለ ሆኑ ስኳሩን ይመገቡታል፤ በየሰዓቱ ከመቶ 5 እስከ 7 ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጧት ተቀድቶ ከሰዓት በኋላ የሚለካ ደም የበሽተኛውን ስኳር አሳንሶ ያሳያል። እንደዚሁም ደም ሲቀዳ በግዴለሽነት ከተናጠ ቀይ ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ። በሕዋሶቹ ውስጥ የነበረው ፖታስየም ወደ ውጭ ይፈስስና መሣሪያው ከእውነተኛው በላይ ያነባል። የፖታስየም መብዛት ልብን የሚያሰጋ ስለ ሆነ ሐኪሙ የሌለ በሽታ ለማከም ሊነሣ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን የስም መለዋወጥ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ስምና ቁጥር የሚጻፈው በበሽተኛው ፊት ነው። ይህ ምንም ጥልቅ ሳይንስ የለውም፤ ትጋትና ሕሊና ብቻ ይፈልጋል።

ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ

በሀገራችን ይህን ሙያ ከሚያስተምሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል አዲስ አበባ፥ ጎንደር፥ ጅማ፥ ሐዋሳና ሐረማያ ይገኛሉ። ወደዚህ ትምህርት የሚገባው በተፈጥሮ ሳይንስ ተምሮ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ያለፈ ተማሪ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት አራት ዓመት ያህል ይፈጃል። ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ስለሚከፍል፥ የድኻ ልጅም ቢሆን በገንዘብ ማጣት ከደጃፍ አይመለስም።

በ2012 ዓ.ም. እንደገና በተጀመረው ሥርዓት የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛ፥ ሒሳብ፥ ሎጂክ፥ ሥነ ልቡናና የመሳሰሉት ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውነት አሠራርና ስለ ሰውነት ኬሚስትሪ ይማራሉ። ቀጥሎ የሙያው ዋና ዋና ክፍሎች ይመጣሉ። እነዚህም የደም ጥናት፥ የክሊኒክ ኬሚስትሪ፥ የባክቴሪያ፥ የቫይረስና የተውሳክ ጥናት፥ ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት መንገድ የሚያስረዳው ትምህርት፥ የደም ባንክ ሥራ፥ እንዲሁም የጥራት ቁጥጥር ናቸው። ተማሪው ጧት በክፍል የሰማውን ከሰዓት በኋላ በእጁ ይሠራል። ለምሳሌ አክታ በስላይድ ላይ ቀብቶ፥ ቀይ ቀለም አፍስሶ፥ በእሳት አሙቆ፥ በአሲድና በአልኮል አጥቦ፥ በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ይጨምርበታል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ቀይ ቀለሙን ስለማይለቅ፥ በሰማያዊ ሜዳ ላይ እንደ ቀይ ጭረት ሆኖ ይታያል። ጂን ኤክስፐርት የተባለው አዲሱ መሣሪያ ደግሞ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መልመዱን ይናገራል። ተማሪው አሮጌውንም አዲሱንም ማወቅ አለበት፤ መብራት በጠፋ ጊዜ በመስኮት ብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ የሚያድንበት ቀን ይኖራልና።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተማሪዎች በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ተመድበው በባለሙያ ሥር ይሠራሉ፤ አንድ ጥናትም ጽፈው ያቀርባሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል።

ሀገራችንና ላቦራቶሪ

ከ1950 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በሀገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። በዚያን ጊዜ በየወረዳው ስላይድ አንባቢ ቢኖር ኖሮ አደጋው ሳይስፋፋ በተደረሰበት ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ሲቋቋም፥ ዓላማው ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርሱ የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቢልሃርዝያን ወደ ሰው የሚያደርሱት እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድን ልብስ አጣቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ እርሳቸው ግን ያዩትን በላቦራቶሪ ፈትነው አረጋገጡ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራ ኢንስቲትዩት አለ።

በቅርቡም የኮሮና በሽታ በዓለም ሲነሣ የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና በመጀመሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ምርመራው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተጀመረ፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ ሲነገር ምርመራው የተሠራው በገዛ ባለሙያዎቻችን እጅ ነው።

ለወላጆችና ለጓደኞቼ

አባቴ ዶክተር እንድሆን ይመኛል። ይህን ትምህርት ልመርጥ ማሰቤን ስነግረው «ልጄ፥ ሰው ሁሉ ሐኪሙን ያመሰግናል እንጂ ከመስኮት ኋላ ያለውን ማን ያውቀዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው። በሽተኛው የላቦራቶሪ ባለሙያውን ስም አይጠይቅም። እናቴ ደግሞ «የሰው በሽታ ስትነኪ አይያዝሽም ወይ?» ብላ ትፈራለች። ለእርስዋ ጓንትና ጋውን መልበስ፥ በላቦራቶሪ ውስጥ አለመብላት፥ ያገለገለ መርፌን መልሶ አለመክደን በዚህ ሙያ የሚሰጡ ትምህርቶች መሆናቸውን አስረዳኋት። አደጋው ፈጽሞ የለም አልልም፤ ነገር ግን ደንቡን የሚያከብር ሰው ይጠበቃል።

ሥራ ማግኘትም በዚህ ጊዜ ቀላል አይደለም። ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ የጤና ባለሙያዎች በየከተማው አሉ። በሌላ በኩል ማይክሮስኮፕ ኖሮ የሚያይበት ሰው ያጣ ጤና ጣቢያ በዐይኔ አይቻለሁ። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት የመንግሥት ሥራ ቢሆንም፥ እኛም ከከተማ ርቀን ለመሥራት ፈቃደኞች መሆን ይገባናል። ከከተማ መራቅ የሚከብደው ሁሉ ይህን ሙያ ከመምረጡ በፊት ደግሞ ያስብበት።

አንዳንድ ጓደኞቼም ይህ ትምህርት ሕክምና ያልደረሰው ተማሪ የሚመደብበት ነው ይላሉ። እኔ ግን ሳስበው፥ ያ ቀለበት የታየ ዕለት ሐኪሙም፥ ነርሷም፥ አባቴም፥ እኔም አንድ ወረቀት እንጠብቅ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው። ከድሩ አንዱ ክር ቢበጠስ አንበሳው ያመልጣል።

እንግዲህ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መምህሮቻችን ማይክሮስኮፑን ከሣጥን ሲያወጡ በፊት ወንበር ለመቀመጥ እንሽቀዳደም። የሽንኩርት ቅርፊት በትዕግሥት ማየት የለመደች ዐይን ነገ የሰው ደም ታነባለች። እኔም የዚህን ዓመት ፈተና ካለፍሁ በምርጫ ወረቀቴ ላይ የሕክምና ላቦራቶሪን ከሁሉ አስቀድሜ እጽፋለሁ። አባቴም ሰሞኑን «ወንድምሽን ያዳነው እሱ ከሆነ ጻፊው» ብሎ ፈቅዶልኛል።